የወረኢሉ መንገድ ጉድጓዶች

ደሴ ኬላ ላይ ለማልቀስ ተብሎ ፈቃድ አይሰጥም። ለሥራ ይሰጣል፣ ለሐኪም ቤት ይሰጣል፣ ፍርድ ቤት ለተጠራ ሰውም ይሰጣል። ለቅሶ ግን በመስኮት ነው። የመንገድ ቁጠባ ባለሥልጣን ይህን ከደነገገ ስንት ዘመኑ! በየቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ የሚያህል መስታወት ተተክሏል። ሰው የሞተበት ሄዶ ተራውን ይጠብቃል፣ ስሙ ሲጠራ ከፊቱ ይቀመጣል፣ መስኮቱ ሲበራ ሐዘን ቤቱ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ከዚያ እንግዲህ እንደ ልቡ ያለቅሳል። እንደ ልቡ ስል፣ ድምፁ ከፍ ካለ መስኮቱ ራሱ ይቀንስለታል። «ለሌሎች ተገልጋዮች ምቾት ሲባል» ትላለች ከውስጥ አንዲት ጨዋ ሴት።

ማስተዋል የኬላው ፈቃድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ሃምሳዎቹን አጋምሳለች። ልጅ ሳለች አውቶቡስ የሚባል፣ ሰው በፈለገው ቀን ተነስቶ የሚሳፈርበት ነገር እንደነበረ ታስታውሳለች፤ ይህን ስታወራ ወጣቶቹ ይስቁባታል። ዛሬ እያንዳንዱ ሰው በዓመት የተመደበለት መንገድ አለው። መስከረም ሲጠባ ይሞላለታል፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ በሥራ ምልልስ ጥቅምት ሳያልቅ ያሟጥጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለ ልዩ ፈቃድ ከከተማው ንቅንቅ የለም። ፈቃዱም ወረቀት አይደለም፣ ፊት ነው። የተፈቀደለት ሰው ፊቱ ይመዘገባል፤ ኬላው በር ላይ ቀና ብሎ ያያል፤ በሩ ካወቀው ይከፈታል፣ ካላወቀው «ፊት አልተዛመደም» ይላል። የማስተዋል ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው መመለስ ነው።

የራሷን መንገድ ግን አትነካም። ዝናብ ይሁን የጦሳ ተራራ ብርድ፣ ሥራ ቦታዋ በእግሯ ትመላለሳለች። ወረኢሉ ያሉት እናቷ፣ እማማ ይታክቱ፣ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። ያን ቀን ማንንም ሳትለምን፣ በራሷ መንገድና በራሷ ፊት ሄዳ እናቷን አፈር ማልበስ ነው የምትፈልገው። ሌላ ምኞት አላት ወይ ቢባል የላትም። ዓመቱ በደህና ካለፈ ደግሞ፣ የተረፈ መንገድ ለሚመጣው ዓመት ስለማይተላለፍ፣ ጳጉሜ ላይ ያጠራቀመችውን ይዛ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። እማማ ይታክቱ ኮቴዋን ሲሰሙ፣ «ዘንድሮም ሳልሞት ቀረሁልሽ፤ ምን ይሻላል?» ብለው ይስቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው አምና በወይዘሮ ከድጃ ነው። ፒያሳ አጠገብ ቃሪያና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴት ናቸው። ወረኢሉ የተዳረች ልጃቸው በወሊድ ሞተችባቸው። ማስተዋል ጠረጴዛ ፊት መጥተው «ልጄን ሳትቀበር ልያት» አሉ። ማስተዋል እንደ ደንቡ ስለ መስኮቱ ነገረቻቸው። አልተከራከሩም፣ አልለመኑም። ብቻ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ከኋላ ያለው ሰልፈኛ እንኳ ቶሎ በሉ ማለት ፈራ።

ማስተዋል ማሽን ላይ ለዓመታት ክፍት ሆኖ የቆየ አንድ የሥራ መደብ ነበር። ጊዜያዊ የመንገድ ጉዳት መርማሪ ይባላል። መርማሪ ማለት በባለሥልጣኑ መኪና ተቀምጦ፣ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር በወንበሩ ክንድ ላይ ያለችውን ቁልፍ የሚጫን ሰው ነው። ከመሣሪያ ይልቅ የሰው ወገብ ይታመናል ተብሎ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ማንም አያመለክትበትም።

«ወገብዎ እንዴት ነው?» አለቻቸው ማስተዋል።

«ኧረ ምን ወገብ አለኝ ልጄ!»

«ደህና ነው ይበሉ።»

ወይዘሮ ከድጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አይዋት። «ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ፊት የምትመዘግበው ኖላዊት የምትባል ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰች ልጅ ናት። የሴትዮዋን የተቀደደ ጫማ አየች፣ ማስተዋልን አየች። «መርማሪ?» አለች። «መርማሪ» አለች ማስተዋል። ኖላዊት መዘገበች። በሳምንቱ እሷም የአከራይዋን ወንድም እጁን ይዛ መጣች። «እትዬ ማስተዋል፣ እሱም ወገቡ ደህና ነው» አለቻት፤ ሁለቱም ሳቅ እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን ደፉ።

ሦስተኛው ይመር ነው። መኪናዋ ራሷን ነው የምትነዳው፤ ይመር ግን አሁንም ሾፌር ይባላል፤ ሕጉ አንድ ሰው አብሮ ይቀመጥ ስለሚል። ወሬ ካላወራ የሚያመው ሰው ነው። ወይዘሮ ከድጃን ወስዶ ሲመልስ ኬላው በር ላይ ጉድ ፈላ። ሴትዮዋ ከልባቸው አልቅሰው ነበርና ዓይናቸው አብጦ፣ ጉንጫቸው ተቧጦ፣ በሩ «ፊት አልተዛመደም» ብሎ አላሳልፍም አለ። ይመር መኪናዋን መንገድ ላይ ወዳለችው ጉጉፍቱ መልሶ፣ በዚያ ብርድ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠበ፣ እብጠቱ እስኪጎድል ድረስ የሚያውቀውን ቀልድ ሁሉ አወራላቸው። በመጨረሻ «ኧረ አንተ ልጅ፣ አላህ ይይልህ! በሐዘኔ ታስቀኛለህ?» ብለው ፈገግ ሲሉ በሩ አወቃቸው። ከዚያ ወዲህ ይመር ያለ ውሃ ጀሪካን ወጥቶ አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ የኬላው መርማሪ በዛ። ልብስ ሰፊ መርማሪ ሆነ፣ ቄስ መርማሪ ሆነ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ሳይቀሩ መርማሪ ሆኑ። ማስተዋል እንግዳ መርማሪዎቿን ስታሰናብት አንድ ምክር ትሰጣለች፤ «ቁልፏን አልፎ አልፎ ጫን ያድርጓት። ጉዳት ያላገኘ መርማሪ አልሠራም ይባላል።» ባለሥልጣኑም ባትሪውን እየሞላ፣ አበላቸውን እየከፈለ ሰው ለቅሶ ያደርሳል፤ ሳያውቅ።

ስርቆት መሆኑን ማስተዋል አላጣችውም። አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ ይህንኑ ስታነሳ ይመር ተቆጣ።

«ከመንግሥት እንጂ ከሰው አልሰረቅን!»

«መንግሥት ማነው ይመር? ያ ባትሪ ከኔና ካንተ ደመወዝ ተቆርጦ የተገዛ አይደለም?»

«እንግዲያው የራሴን ሰረቅሁ፤ ምን አገባሽ?» አለና ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሄደ። ማስተዋል ሳቀች፤ ስርቆትነቱን ግን አልረሳችውም። ለዚህም ነው ለእናቷ ጉዳይ የተጭበረበረ ፈቃድ አላስብም ያለችው። ለሰው የሰረቀችው ይበቃል፤ ለራሷ በራሷ መንገድ ትሄዳለች።

ግንቦት ላይ የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ዳምጠው ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ረጋ ያሉ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ያን ቀን ደስ ብሏቸዋል። በመንገድ ምርመራ ትጋት የደሴ ቅርንጫፍ ከአገሪቱ አንደኛ ወጥቷል። ተጨበጨበ። ይመርም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ?

ከዚያ አቶ ዳምጠው ካርታውን አበሩት። ጉዳት የተመዘገበበት ቦታ ሁሉ ቀይ ነጥብ አለው። የወረኢሉ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በርበሬ የተሰጣበት መስሏል። የባሰው ደግሞ ከካቤ ከተማ ወዲህ በመልስ በኩል ነው፤ ነጥብ በነጥብ ላይ ተደርቦ መንገዱ ራሱ አይታይም።

«እንደምታዩት ይህ መንገድ ሞቷል» አሉ አቶ ዳምጠው። «ለመጠገን የሚያዋጣ አይደለም። ዋናው መሥሪያ ቤት ከነሐሴ ጀምሮ እንዲዘጋ ወስኗል። ዕቃ በአየር ይጫናል፤ ነዋሪው በመስኮት ይገለገላል።»

 ኖላዊት ጠረጴዛ ሥር የማስተዋልን እጅ ያዘች።

ስብሰባው ሲበተን ሦስቱ መኪናዋ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። ማስተዋል ይመርን አንገቱን ልታንቀው ምንም አልቀራት። «አልፎ አልፎ ይጫኑ ብያቸው ነበር እኮ! ምን ሲያደርጉ ነበር?»

ይመር የወንበሩን ክንድ ዳበስ ዳበስ አደረገ። «አይ ማስቲ፣ አንቺ መቼ አብረሽ ሄደሽ አየሽ? ሲሄዱስ ደህና ናቸው፤ ገና ቀብሩን አላዩማ። ሲመለሱ ነው። ከካቤ አለፍ ስንል እንባው ይመጣል። ሰው ሲያለቅስ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ የወንበሩን ክንድ ጭብጥ አድርገው ይዘው ነው የሚያለቅሱት። ቁልፏ ደግሞ እዚያው ናት። እጃችሁን አንሱ እንዴት እላለሁ? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?»

ማስተዋል ቁልፏን አየቻት። ቀለሟ ተልጦ ብረቷ ወጥቷል።

«ባዶ እንመላለስ» አለች ኖላዊት። «እኛው መርማሪ ሆነን ሳንጫን። ነጥቡ ይቀንሳላ!»

ሞከሩት። ይመርና ኖላዊት በየተራ ሄዱ፣ ጣታቸውን ከቁልፏ አርቀው። ማሽኑ ጉዞዎቹን በሙሉ «መርማሪው ሥራውን አላከናወነም» እያለ ጣላቸው። መዋሸት ቀላል ነበር፤ እውነቱን የሚቀበል ግን ጠፋ።

የዚያን ሰሞን እማማ ይታክቱ ደወሉ። «ጳጉሜ ትመጫለሽ አይደል?»

«መንገዴ ሙሉ ነው እማዬ። ንክች አላደረግሁትም።»

«አንቺ መቼም መንገድ ስታጠራቅሚ አረጀሽ! እኔም እጠብቅሻለሁ ብዬ ሞቱን እያዘገየሁት ነው፤ በርቺ እንግዲህ።»

ማስተዋል ስልኩን ዘጋች። መንገዱ ከተዘጋ የእሷ ብቻ አይደለም የሚዘጋው። ወይዘሮ ከድጃ ልጃቸው ወረኢሉ የተወችላቸውን የልጅ ልጅ ዳግመኛ አያዩም። ያ ሁሉ ያለቀሰ ሰው ለቅሶውን ስላለቀሰ ነው መንገዱ የሚዘጋበት። ይህንን ማን ይችላል?

በማግስቱ ለይመርና ለኖላዊት እንዲህ አለቻቸው፤ «ልናገር ነው። ጉድጓድ የለም ብዬ እናገራለሁ።»

«አብረን እንገባለን» አለች ኖላዊት።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ይመርም ጡረታው ደጅ ደርሷል። አብረን ብንገባ መኪናዋን ማን ይዟት ይወጣል?»

«ብቻሽን ልትሞቺ ነው? እኔ ልሙት እንዲህስ አታደርጊም!» ይመር ጮኸ። እሷ ግን ተነስታ ነበር።

አቶ ዳምጠው ቆመው ተቀበሏት። ከአገር አንደኛ የወጡበት የምስክር ወረቀት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ይቀመጡ ወይዘሮ ማስተዋል። ምን ልርዳዎ?»

«የወረኢሉ መንገድ ደህና ነው» አለች ሳትቀመጥ። «ጉድጓድ የለበትም።»

«እንዴት? መርማሪዎቹ እኮ...»

«መርማሪ አልነበሩም። ለቅሶ ደራሾች ናቸው። በሐሰት እያስመዘገብሁ የላክኋቸው እኔ ነኝ። መንገዱ ላይ ያ ሁሉ ቀይ ነጥብ ሲያለቅሱ ቁልፏን የተጫኑት ነው።»

አቶ ዳምጠው ኮታቸውን አወለቁ። ይህን ሲያደርጉ ያየ ሠራተኛ የለም። «ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ።»

ፊት መመዝገብ የእሷ ሥራ አለመሆኑን፣ መኪናም ያለ ይመር እንደማትወጣ እሳቸው አሳምረው ያውቃሉ። ግን አልጠየቁም። ወደ ቢሮው መስኮት ሄደው ኬላውን አዩና ዞሩ።

«አባቴ የሞተው አምና ነው። ካቤ። እዚህ ቀበሌ አዳራሽ ተቀምጬ በመስኮት ቀበርሁት። ድምፄን ቀነሱብኝ። ምነው አንዳችሁም አልነገራችሁኝ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

 ማስተዋልን ከዚያ ሁሉ ነገር ይልቅ ያሳፈራት ይህ ነበር። እሳቸውን ሰው ናቸው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

መሐንዲሶች ተላኩ። የወረኢሉ መንገድ ለጥ ያለ፣ ምንም ያልሆነ መንገድ ሆኖ ተገኘ። መዝጋቱ ቀረ። ማስተዋል ከሥራ ተባረረች። በእስር ፈንታ ዳኛው መንገዷን ሰረዘባት፤ ከእንግዲህ መስከረም ሲጠባ አይሞላላትም፣ ከደሴም አትወጣም። ያጠራቀመችውም የዚያኑ ዕለት ወደ ዜሮ ወረደ። ክሱ ላይ የእሷ ስም ብቻ ነበር፤ አቶ ዳምጠው ያንን ያህል አደረጉላት።

ለእናቷ መናገሩ ነበር የከበዳት።

«መንገዴን ወሰዱት እማዬ።»

«ምን አድርገሽ?»

«ሰው አሳልፌ።»

«ወዴት?»

«ለቅሶ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ እማማ ይታክቱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ነገሩን ወደ ጨዋታ ሊወስዱት ሞከሩ፤ «እኔን ግን እንግዲህ ማን ያለቅስልኛል? እኩዮቼ እንደሆኑ ቀድመውኛል።» ማስተዋል ልትስቅላቸው ፈልጋ አልሆነላትም።

ነሐሴ ሊወጣ ሲል ስልኩ ተደወለ።

ይመር እየሮጠ ቤቷ መጣ። «ተነሺ፣ ከኋላ ወንበር ሥር እደብቅሻለሁ፤ ኖላዊት በሩን...»

«እምቢ» አለች። «ብትያዙ እኔ ለማን ተባረርሁ? ሂድ ይመር። ሥራህን ሥራ።» እሷ ራሷ ይህን እንዴት እንዳለችው አታውቅም። 

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀበሌ አዳራሽ ሄደች። ተራዋን ጠበቀች። ስሟ ሲጠራ መስኮቱ ፊት ተቀመጠች። የጠበቀችው ባዶ ግቢና ሁለት ሦስት ጎረቤት ነበር። እናቷ ያሉትም እንደዚያው ነበራ።

መስኮቱ በራ። ግቢው ሰው አይበቃውም። አጥሩ ላይ ሳይቀር ሰው አለ። መጀመሪያ የሌላ ሰው ሐዘን ቤት የበራላት መሰላት። ከዚያ አንድ ፊት አወቀች፤ ልብስ ሰፊው ነው። ከጎኑ የኖላዊት አከራይ ወንድም። ቄሱ። በምርኩዝ የሚሄዱት ሽማግሌ። ነሐሴ ላይ መንገድ የተረፈው ሰው ከየት ይገኛል? የእናቷን ነገር ከይመር ሰምተው፣ መስከረም የሞላላቸውን እንደ እሷ በእግራቸው እየሄዱ ሲያጠራቅሙ ከርመው ነው። ለዚህ ቀን። ለእሷ።

ወይዘሮ ከድጃ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። የልጅ ልጃቸውን አዝለዋል። «ማስተዋል፣ ልጄ፣ ታይኛለሽ? አብሽሪ። እናትሽን አፈር እኛ አልብሰናታል። ብቻዋን አልሄደችም።»

ያኔ ማስተዋል ጮኸች። እስከዚያች ሰዓት ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ሁሉ ወጣ። «ለሌሎች ተገልጋዮች ምቾት ሲባል» አለች ጨዋዋ ሴት፤ ድምፅዋም ተቀነሰ። ግቢው ግን አፏን አይቶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ አለቀሰ። የእነሱም ድምፅ ወዲያው ተቀንሶ ደረታቸውን ሲደቁ ብቻ ታዩ፤ ለእሷ ግን በቃት።

አመሻሽ ላይ ኖላዊት ከኬላው ደወለች። ከኋላዋ «ፊት አልተዛመደም፣ ፊት አልተዛመደም» የሚለው ድምፅ ያለማቋረጥ ይሰማል።

«እትዬ፣ መላው ጠፍቶናል። ከቀብር የተመለሰው ሰልፍ ተራራውን ዞሯል። ፊቱ የሚታወቅ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም እንዲህ ነው ያበጠው። ይመር ቀልዱን ጀመረና እሱም መሐል ላይ ማልቀስ ጀመረ። አቶ ዳምጠው ራሳቸው ወጥተው ቆመዋል፣ ምንም አይሉም። ጀሪካኑን አውርደነዋል፤ እናጥባቸው?»

ማስተዋል ነጠላዋን አስተካከለች።

«አታጥቧቸው» አለች። «ተዋቸው። ያልቅሱልኝ።»